አሬራችንን አንድፋ፦ አይብን በቤት ስለማዘጋጀትና ስለማቆየት

(በዩኒየናችን የምስረታ በዓል ላይ በዋጃ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች ከቀረበ ንግግር)






 ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማሽላ ገበያ ብዙ ቁም ነገር አንስተዋል። የእኔ ርዕስ አነስ ያለ ነው። ስለ አይብ ነው። ርዕሱ ሲነበብ አንዳንድ አባቶች ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። "የጓዳ ነገር እዚህ መድረክ ላይ ምን አመጣው?" ማለታቸው እንደሆነ ይገባኛል። እስክጨርስ ድረስ ብቻ ታገሱኝ።

ያደግሁት እዚሁ ዋጃ ነው። እናቴ ሁለት የሚታለቡ ላሞች ነበሯት። ሁዳዴ ሲገባ እኛ እንጾማለን፤ ላም ግን ጾም አታውቅም፤ ጠዋትና ማታ ትታለባለች። እናቴ ወተቱን እያጠራቀመች ትንጣለች። ቅቤውን በሸክላ አድርጋ ለፋሲካ ታስቀምጣለች። አሬራውን ለጥጃና ለውሻ ትሰጣለች፤ የተረፈውን ከደጅ ትደፋዋለች። ፋሲካ ሲደርስ ታዲያ ከዶሮ ወጡ ጋር የሚቀርብ አይብ በቤታችን አይገኝም። እኔን ሳህን አስይዛ ወደ ገበያ ትልከኛለች። 55 ቀን ሙሉ ስንደፋው የከረምነውን በ56ኛው ቀን በገንዘብ እንገዛው ነበር። ይህ ነገር የገባኝ ካደግሁና በወተት ሥራ ከሰለጠንኩ በኋላ ነው። ዛሬም በየቤታችን የሚሆነው ይኸው ነው።

የሚደፋው ስንት ነው?

እስቲ አብረን እናስላው። የራያ ላም በቀንዷ እንጂ በወተቷ ብዛት አትታወቅም። የአገራችን ዝርያ ላም በአማካይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ትታለባለች። በደንብ የተቀለበች ከዚህ በላይ ትሰጣለች፤ እኛ ግን በዝቅተኛው እንሂድ። አንድ ሊትር ተኩል በ55 ቀን ሲባዛ 82 ሊትር ተኩል ይሆናል። 8 ሊትር ወተት ተንጦ ቅቤው ከወጣለት በኋላ አሬራው 1 ኪሎ ያህል አይብ ይሰጣል። ስለዚህ ከአንዲት ላም የሁዳዴ ወተት 4 ኪሎ ገደማ ቅቤና ከዚያው ላይ 10 ኪሎ አይብ ይገኛል ማለት ነው። አራቱን ኪሎ ቅቤ ማንም አይደፋውም። አሥሩን ኪሎ አይብ ግን አይብ ሳይሆን ገና አሬራ እያለ እንደፋዋለን። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይባላል። የእኛ ላም በሰማይ አይደለችም፤ ከደጃችን ታስራ እያለ ነው ወተቷን የማናየው።

በተለይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት ብዙ ቤተሰብ ከብቱን አጥቷል። ሦስት ላም የነበራት ዛሬ አንዲት ላም ያላት እናት በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። ላም ሲያንስ የእያንዳንዱ ሊትር ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ነገሩ የጓዳ ነገር ብቻ አይደለም።

አይብ ለምን ቶሎ ይበላሻል?

"እሺ፣ አይቡን ሠራሁት እንበል። በዚህ ሙቀት ማን ያቆየዋል?" የምትል እህት ትኖራለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ዋጃ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። እዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚሻግት አይብ ደጋ ላይ ቢሆን ሰንበት ሊል ይችላል።

ምክንያቱ ውሃ ነው። ከ100 ግራም ተራ አይብ ውስጥ ወደ 79 ግራም የሚጠጋው ውሃ ነው። 15 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን ቅባቱ ከ2 ግራም አይበልጥም። ፕሮቲኑ ለልጆቻችን ዕድገት የሚያስፈልገው ነው። ውሃው ግን ለተህዋሲያን መራቢያ ነው። እንግዲህ አይብን ማቆየት ማለት በአጭሩ ውሃውን መቀነስ፣ ጨውና ቅመም መጨመር፣ ማቀዝቀዝና ንጽሕናን መጠበቅ ማለት ነው። አዲስ አበባ በየሱቁ የሚሸጠው ፎርማጆ ለወራት የሚቆየው ውሃው ተጨምቆ ስለወጣና በቀዝቃዛ ቦታ ስለበሰለ ነው። ፎርማጆ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝና ረኔት በሚባል ማርጊያ ሲሆን ማብሰያው ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋል። ለጊዜው የእኛ ጓዳ የሚችለው አይደለም። ጓዳችን የሚችላቸውን ሦስት ዓይነት አይቦች ግን አንድ በአንድ ላቅርብላችሁ።

1ኛ. የአሬራ አይብ

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የምጨምረው ለቆላ የሚሆነውን ጥንቃቄ ነው።

የወተት ዕቃው በሚገባ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በወይራ ይታጠን። ማጠን ለሽታው ብቻ አይደለም፤ ጭሱ የተህዋሲያንን ዕድገት ያዘገያል። እናቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያወቁት ነገር ነው።

እርጎው የሚናጠው ከንጋት በፊት ይሁን። ቀን በሙቀት ከተናጠ ቅቤው ይለሰልስና አልሰበሰብ ይላል፤ ብዙ ቅባት አሬራው ውስጥ ይቀራል። በማለዳ ቅዝቃዜ ግን ፍርፍር ብሎ ቶሎ ይወጣል።

አሬራው በለሰለሰ እሳት ይጣድ። መማሰል አያስፈልግም፤ ማሰሮውን አልፎ አልፎ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። አዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄደው ሥራ አሬራው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢረጋ በአይቡ መጠን ላይ ይህን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ አይቷል። ሙቀቱ ወደ 90 ሲጠጋ ግን አይቡ የመቃጠል ጣዕም ያመጣል። እኔ የምመክረው ወደ 70 የሚጠጋውን ነው። ቴርሞሜትር የሌለን ሰዎች አሬራው መፍላት ሳይጀምር ነገር ግን ከዳር ዳር እንፋሎት ሲያወጣ እሳቱን ቀንሰን ግማሽ ሰዓት እናቆየው። ለብ ብሎ ብቻ የረጋ አይብ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፈውን የብሩሴላ በሽታ ጀርም አይገድልም።

አይቡ ከረጋ በኋላ ድስቱ ወርዶ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በተቀቀለና በደረቀ ነጭ ሻሽ ይጠለል፤ ሻሹ ተቋጥሮ ሌሊቱን ይንጠልጠል። አጓቱን ለጥጃ ወይም ለዶሮ እንስጠው።

እዚህ ላይ ስለ እጃችን አንድ ነገር ልበል። ፕሮፌሰር ሞገስ አሸናፊ ከሀዋሳ ገበያ የተገዛ አይብ መርምረው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ አይቡ ውስጥ የተህዋሲያን ብዛት ከፍተኛ ሆኖ እንዳገኙት ገልጸዋል። አይብ እሳት ላይ ውሎ የወጣ ነገር ነው። ከወጣ በኋላ የምንነካበት እጅ፣ የምንጠልልበት ጨርቅና የምንሸጥበት ሳህን ካልጸዳ ግን መልሶ ይበከላል። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተትም ሐኪሙ የከለከለው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ከእርጎው ጋር አይቀላቀል።

2ኛ. የሎሚ አይብ

ይህኛው ከሙሉ ወተት ይሠራል። ሕንዶች ፓኒር ይሉታል። ወተቱ ሊገነፍል ሲል ከእሳት ይወርዳል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ለአንድ ሊትር ወተት ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ በቀስታ እየተማሰለ ይጨመራል። ወተቱ ይቆራረጥና አጓቱ ጥርት ብሎ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። አጓቱ አሁንም ነጭ ከሆነ ትንሽ ሎሚ ይጨመር። ከዚያ በሻሽ ይጠለላል፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል፤ ጨው ይገባበትና በሻሹ እንደተጠቀለለ ንጹሕ ድንጋይ ተጭኖበት ሁለት ሰዓት ይቆያል። ከአንድ ሊትር ወተት ከ150 እስከ 200 ግራም ይገኛል።

ይህ አይብ እሳት ላይ አይቀልጥም። እንደ ሥጋ ተከትፎ በቅቤ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይጠበሳል። ቅቤ ግን አይወጣለትም፤ ቅባቱ እዚያው አይቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቅቤ ገንዘብ ለሚያስፈልጋት ቤት የሚመከር አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ወይም ሥጋ ሲወደድ የሚሠራ ነው። ማቆየት ካስፈለገ በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ውስጥ ይነከራል። የቆጵሮስ ደሴት ሰዎች ሃሉሚ የሚባለውን አይባቸውን በጨው ውሃ ያቆዩታል፤ አገራቸው እንደኛ ሞቃት ነው። እኛ ደግሞ የአፋር ጨው ጎረቤታችን ነው።

3ኛ. መጣጣ አይብ

ዛሬ በዋናነት ልነግራችሁ የመጣሁት ይህን ነው። በምዕራብ ጎጃም እናቶች አይብን በቅመም አብላልተው ለወራት የሚያቆዩበት መንገድ አላቸው፤ መጣጣ አይብ ይሉታል። እኛም እንደነሱ የላምና የሸክላ ሰዎች ስለሆንን ከነሱ የማንወስድበት ምክንያት የለም። እኔ የምሠራው እንደሚከተለው ነው።

አይቡ ሌሊቱን ተንጠልጥሎ ያደረ፣ በጣት ሲጫኑት ውሃ የማይወጣው መሆን አለበት። ለ1 ኪሎ አይብ አንድ ልክ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይገባል። ቅመሙ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ነው፤ ሁሉም ደርቆ የተፈጨ ይሁን። እርጥብ ነገር አይግባ። አይቡ አፉ ጠበብ ባለ የታጠነ ሸክላ ውስጥ አየር እንዳይቀርበት ተጠቅጥቆ ይከደናል። በየቀኑ ላዩ ላይ የሚያቀረውን አጓት ሸክላውን ዘንበል እያደረጉ ማፍሰስ ያስፈልጋል። በየጊዜው የሚሠራው አዲስ አይብም በዚያው ላይ ከጨውና ከቅመም ጋር ይጨመራል። አጓት ማውጣቱን ሲያቆም አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሸግና ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ይበስላል። ጠንከር ብሎ፣ ኮምጠጥ ብሎ፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

በጾም ወራት አንድ ችግር አለ፤ የምትጾም ሴት ቀምሳ ማስተካከል አትችልም። ለዚህ ነው ጨውን በእጅ ሳይሆን በማንኪያ የምሰፍረው። ሌላም ዘዴ አለኝ። ሙስሊም ጎረቤቴ በሁዳዴ ቀማሼ ናት። በረመዳን ደግሞ የእሷን እኔ እቀምሳለሁ። ሁለቱ ጾሞች የገጠሙ ዕለት ከአፍጥር በኋላ ማንኪያዋን ይዛ ትመጣለች። ራያ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

በአንድ ሁዳዴ እኔና አራት ጎረቤቶቼ አምስት ሸክላ አስቀምጠን ነበር። ለፋሲካ ስንከፍት ሦስቱ ያማሩ ሆኑ፤ ሁለቱ ተበላሹ። አንዱ የተበላሸው አይቡ በደንብ ሳይጠል ስለገባ ነው። ሁለተኛው የእኔው ነበር። ቸኩዬ በእርጥብ ማንኪያ ስለነካሁት ላዩ ሮዝ ቀለም አወጣ። ሙሉውን ደፋሁት፤ አልተሻማሁም። እናንተም ቀለሙ የተለወጠ ወይም የሚከረፋ አይብ ካጋጠማችሁ ላዩን ገፍፋችሁ አትብሉ፤ ድፉት። ዛሬ ድፉ የምለው ይህን ብቻ ነው።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ምን ያድርግ?

ፍሪጅ ያለው ሰው ተራውን አይብ በተከደነ ዕቃ አንድ ሳምንት ገደማ ሊያቆየው ይችላል። ለሌለው ደግሞ ሁለት ሸክላ ይበቃል። ትንሹን ሸክላ ትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፤ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡ፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑና ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ አኑሩት። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ይህን ዘዴ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ናይጄሪያ መንደሮች አስፋፍቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ የራያ ሰው ምስጢሩ አይጠፋውም። ዘዴው የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ በክረምት እርጥበት ጉልበቱ ይቀንሳል። ፍሪጅን ስለማይተካም ተራ አይብን ለአንድ ሁለት ቀን ትርፍ ጊዜ የሚገዛ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

አበላሉስ?

አይብ መድኃኒት አይደለም፤ ይጣፍጣል ብለን ነው የምንበላው። ትኩስ የማሽላ እንጀራ ላይ ተራ አይብና አዋዜ ካለ ሌላ ወጥ አልፈልግም። ጉራጌዎች ከጎመን ጋር አዋሕደው፣ ከክትፎ ጎን አድርገው ያቀርቡታል። ለሕጻናት ገንፎ ላይ ጣል ይደረግ። የበሰለው መጣጣ ግን እንደ ሚጥሚጣ በጥቂቱ ነው፤ በቁራሽ እንጀራ ጫፍ እየነኩ ይበላል። አንድ ሸክላ ብዙ እንግዳ ይሸኛል።

ከዩኒየናችን የምንጠብቀው

የተከበራችሁ አባላትና አመራሮች፣

ንግግሬን በሦስት ሐሳቦች ላጠቃልል።

አንደኛ፣ ኢልካ በባህላዊው የሸክላ መናጫ ውስጥ የሚገባ የእንጨት መምቻ አዘጋጅቶ የመናጫውን ጊዜ በጉልህ አሳጥሮ ነበር። የሚወጣው ቅቤም ጨምሯል። የእኛ አናጢዎች ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው። በየመሠረታዊ ማኅበሩ ጥቂት መናጫዎች ቢኖሩና ሴቶች በተራ ቢጠቀሙባቸው ከንጋት በፊት የሚነሳ ክንድ ሁሉ ያርፋል።

ሁለተኛ፣ መጣጣ አይብ ለፋሲካ፣ ለዒድና ለሠርግ ቆቦና አላማጣ ገበያ ላይ በጋራ ቢቀርብ በየሸክላው ላይ የተሠራበት ቀን ይጻፍ። የአንዷ የተበላሸ ሸክላ የሁላችንን ስም ያበላሻልና።

ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው። በአገራችን የቅቤና የአይብ ገንዘብ የሴቷ ነው። ደብተር የምትገዛው፣ ጨውና ጋዝ የምትሸፍነው በዚያ ነው። ማኅበር ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የአባልነት ደብተሩ በባሏ ስም ስለሆነ ክፍያውም በእሱ እጅ ይገባል። አባቶቼን ላስቀይም አልፈልግም፤ ቤት የጋራ ነው። ነገር ግን አይቡን ወደ ማኅበር ስናመጣ የእናትን ገንዘብ ከእናት እጅ ካወጣነው ከዚያ ወዲያ ማንም ሴት ከንጋት በፊት ተነስታ አትንጥም። አሬራው ወደ ደጅ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ሴቶቹ በራሳቸው ስም አባል ይሁኑ፤ ክፍያውም አይቡን ለሠራችው እጅ ይድረስ። ለአመራሮቻችን የማቀርበው ልመናም ጥያቄም ይኸው ነው።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። አንድ ሸክላ አይብ ለአንድ ቤት የበዓል ምሳ ነው። የሃምሳ ቤት ሃምሳ ሸክላ ግን ገበያ ነው።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ሳህን ይዤ ወደ ገበያ ስሮጥ በሩ ላይ ቆማ "በደንብ አስመዝኝ" ትለኝ የነበረው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በሚመጣው ፋሲካ የዋጃ ልጆች ሳህን ይዘው የሚሮጡት ሊገዙ ሳይሆን ለጎረቤት ሊያደርሱ እንዲሆን እመኛለሁ።